«እሷስ አገኘችው»፦ ስለ አንድ ፊልም፣ ስለ ለቅሶና ስለ ትችት

(ከማኅበራችን የፊልም ምሽት በኋላ በተደረገው ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር። ለመጽሔቱ እንዲመች በጥቂቱ አሳጥረነዋል።)



ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አንድ ላይ ፊልም ዓይተናል። ፊልሙ ሲያልቅ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ግማሹ እያለቀሰ፣ ግማሹ እየተከራከረ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች «ይሄ ፊልም በግድ ሊያስለቅሰን ነው የፈለገው» አሉ። ከፊት የነበሩ አንድ አባት ደግሞ ተነሥተው «ስለ እኛ ፊልም ሲሠሩ የእኛን ልጅ አጥተው ነው የሌላ ሰው ልጅ የመረጡት?» ብለው ተቆጡ። አንዲት እናት ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ኮሚቴው እኔን የጠራኝ ይህ ሁሉ ሐሳብ በር ላይ ተበትኖ እንዳይቀር ነው። ተቺዎች ስለዚህ ፊልም ምን አሉ፣ እኛስ ምን አልን፣ ማንኛችን ልክ ነን? ይህንን አብረን እንድንመለከት ነው።

በዚያ ምሽት ላልነበራችሁ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊልሙ በ2005 የወጣ ነው። የፈረንሳይኛ ርእሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ማለት ነው። የሠራው ራዱ ሚኻይሌያኑ የተባለ በሩማንያ የተወለደ የፈረንሳይ ፊልም ሠሪ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1984 በሱዳን የስደተኞች መጠለያ ነው። አንዲት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇ ከረኃብ እንዲተርፍላት ብላ ወደ እስራኤል ከሚሄዱት ጋር እንዲሰለፍ ትገፋዋለች። ልጁ አልሄድም ይላል። እሷ ደግሞ ቆፍጠን ብላ «ሂድ» ትለዋለች። ሐና የምትባል ልጇ በዚያው ቀን የሞተባት የእኛ ሴት እጁን ትይዘዋለች፤ የሟቹን ልጅ ስምም ትሰጠዋለች። ልጁ እስራኤል ሲደርስ ሽሎሞ ይባላል። ሐና ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ከዚያ ያኤልና ዮራም የተባሉ የቴል አቪቭ ባልና ሚስት ወስደው ያሳድጉታል። ልጁ ያድጋል፣ ይማራል፣ ይወድዳል፣ ሐኪም ይሆናል። ምስጢሩ ግን አብሮት ያድጋል። በመጨረሻ ሱዳን ውስጥ በሕክምና ሥራ ላይ ሳለ እናቱን ያገኛታል፤ እሷም ትጮኻለች። ፊልሙ በዚያ ጩኸት ያበቃል።

ይህ እንግዲህ የዘመን ታሪክ ያለበት የቤተሰብ ሜሎድራማ ነው። ሜሎድራማ የሚሉት ስሜትን አጉልቶ የሚያሳይ፣ በመለያየትና በመገናኘት ላይ የቆመ፣ ሙዚቃው ዕንባ የሚጠራ ዓይነት ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ ለስድብ ይውላል። ግን ስድብ ብቻ አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ያመሰገኑት ምን አሉ? ፊልሙ በ2005 በበርሊን ፌስቲቫል ፓኖራማ በሚባለው ክፍል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ዳኛ የሰጠው ሳይሆን ሰዉ በድምፁ የሰጠው ነው። በ2006 ደግሞ በፈረንሳይ የሴዛር ሽልማት ለድርሰቱ ተሸለመ። ያመሰገኑት ሰዎች የሚያነሡት አንድ ነገር አለ፤ ልጁን። በሦስት ዕድሜ የሚጫወቱት ሦስቱም የእኛ ልጆች ናቸው። ትልቁን ሽሎሞ ሆኖ የተጫወተው ሲራክ ሳባሃት እሱ ራሱ በዘመቻ ሰለሞን የመጣ ነው። አማርኛ በአውሮፓ ትላልቅ ሲኒማ ቤቶች ተሰማ። ሕፃኑ ጫማውን አውልቆ መሬቱን ሲረግጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገላውን ሲታጠብ ውኃው ወደ ጉድጓዱ ሲፈስ ዓይቶ «እንዳይባክን» ብሎ ሊያቆመው ሲሞክር፣ ማታ ማታ ከጨረቃዋ ጋር ስለ እናቱ ሲያወራ፤ እነዚህን ትዕይንቶች የማይወድ ተቺ ብዙም የለም።

አሁን ወደ ነቀፋው። የተቺዎቹን ነቀፋ ሰብስቤ ሳየው ሦስት ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛው «በዛ» የሚል ነው። ከሁለት ሰዓት ከሩብ በላይ በሆነ ፊልም ውስጥ ረኃብ አለ፣ ስደት አለ፣ ዘረኝነት አለ፣ የራቢዎቹ ጥያቄ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ፍቅር አለ፣ ጋብቻ አለ። አንድ ልጅ የአንድን ሕዝብ ታሪክ በሙሉ ብቻውን ተሸከመው ይላሉ።

ሁለተኛው «በግድ ያስለቅሰናል» ነው። ሙዚቃው ይነሣል፣ ካሜራው ፊት ላይ ይጠጋል፣ መገጣጠሚያውም ከልክ በላይ የሠመረ ነው። ከስንትና ስንት ሺህ ሰው መሐል ልጁ እናቱን በአንድ ድንኳን ሥር ያገኛታል፤ ይህ በተረት ካልሆነ የት ይገኛል ይላሉ።

ሦስተኛው ለእኔ ከባዱ ነው። የሐበሻዎቹ እናቶች ዝም ይላሉ፤ የምትናገረው ያኤል ናት። ሐና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትሞታለች። ወላጅ እናቱ መጀመሪያ ላይ አለች፣ መጨረሻ ላይ ትመለሳለች፣ መሐል ላይ ጨረቃ ሆና ትቀራለች። ያኤል ግን ትወድዳለች፣ ትቆጣለች፣ ትሳሳታለች፣ ትዋጋለች። የትምህርት ቤቱ ወላጆች ልጁ በሽታ ያመጣብናል ብለው በሚፈሩበት ትዕይንት ፊቱን በምላሷ ስትልሰው ታዩ የለ? ያ ትዕይንት የሁላችንንም ልብ ነክቷል። ግን የእኛን ልጅ ክብር ለማስመለስ የተነሣችው እናት የእኛ እናት አይደለችም። ተቺው ይህን ሲል ልክ ነው፤ እኔም እስማማለሁ።

የተቺዎቹ ይህ ነው። የእኛ ነቀፋ ደግሞ ሌላ ነው። ያ አባት ባለፈው ሳምንት ተነሥተው የተናገሩትን ማንም የፓሪስ ተቺ አልጻፈውም፤ ምክንያቱም እሱን አልነካውም።

ለልጆቹ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ወገኖቻችን ከሱዳን ወደዚህ መጡ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ዘመቻው ተቋረጠ፤ ብዙ ሰው እዚያው ቀረ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ያህል ይሆናሉ። ይህን ሁሉ አልፈው ከመጡ በኋላ ምን ተባሉ? «አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ጥምቀት ግቡ» ተባሉ። በ1985 የበዓሉ ወራት ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም ዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ሽማግሌዎች፣ ቄሶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ነበሩ። በሺህ ዓመታት ያልጣልነውን ስም ማንም አይጠይቀንም ብለው ነው የተቀመጡት። ስለዚህ አንድ ፊልም መጥቶ «እነሆ፣ ዋሽቶ የገባ ልጅ» ሲል፣ ያ አባት ቢቆጡ ምን ይገርማል? እዚያ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበርና።

ግን ሁለት ነገር ልጨምር፤ አባታችን ይፍቀዱልኝ።

የመጀመሪያው ስለ ፊልም ሠሪው ነው። የሚኻይሌያኑ አባት አይሁዳዊ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን በሕይወት ለመቆየት ብሎ የአይሁድ ስሙን ለወጠ። ልጁ በዚያ በተለወጠ ስም ነው ያደገው። እንግዲህ በዚያ ቤት አይሁዱ አይሁድ ያልሆነ መስሎ ኖረ፤ ፊልሙ ይህንኑ ገልብጦ አይሁድ ያልሆነውን አይሁድ አስመስሎታል። ሰውየው እኛን ሊያማ የተነሣ አይመስለኝም። የአባቱን ፍርሃት ነው በእኛ ልጅ ፊት ላይ ያየው። ይህ ነቀፋውን አያጠፋውም፤ እኛ እኮ ሳንዋሽ ነው የተጠረጠርነው፣ ሽሎሞ ግን በእውነት የሚደብቀው ነገር አለው። ቢሆንም ከየት እንደመጣ ማወቅ ደግ ነው።

ሁለተኛው፣ የእኛው ልጅ ፊልም ስትሠራስ? ዓለምወርቅ ዳቪድያን በ2018 «የበለስ ዛፍ» የሚል ፊልም ሠርታ በቶሮንቶ ተሸልማለች። አዲስ አበባ፣ በደርግ ማብቂያ። ቤተሰቡ የእኛ ነው፤ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ ይጠብቃል። ልጅቷ የምትወደው ልጅ ግን ክርስቲያን ነው፤ ለውትድርና እንዳያፍሱት ዛፍ ላይ ይደበቃል። አያችሁ? እኛም ራሳችን ስንተርክ ጎረቤታችን ይገባል። ምክንያቱም በጎንደርም በአዲስ አበባም ብቻችንን አልኖርንም። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እዚያ ፊልም ውስጥ የምታየውና የምትወስነው የእኛ ልጅ ናት። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ገባበት?» ብቻ መሆን የለበትም፤ «በማን ዓይን ታየ?» የሚለውም አለ። በ2019 የወጣውን «ቀይ ባሕር ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚባለውን ፊልም አስታውሱ። ያ ፊልም ሙሉ በሙሉ ስለ እኛ መዳን ነው፤ ግን እኛ ከኋላ የምንታይ ጥላ ነን፤ ጀግኖቹ ሰላዮቹ ናቸው። ብዙ ተቺም ይህንኑ አለ። በዚያ በኩል ሲታይ ሽሎሞ ቢያንስ ሰው ነው። ይዋሻል፣ ይወድዳል፣ ይናደዳል።

አሁን «በግድ ያስለቅሳል» ወደሚለው ልመለስ። እዚህ ላይ የራሴን ላውራችሁ። እናቴን አስፈቅጃታለሁ።

ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። በክፍል ውስጥ ታየ፣ ከዚያም ትችት ጻፉ ተባልን። እኔ ከሁሉም ሰው በላይ ጨከንኩ። «ዕንባ የበዛበት፣ ልከኛ ያልሆነ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጥሩ ነጥብም አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሐበሻ እኔ ስለነበርኩ ሁሉም ዞሮ ፊቴን ያይ ነበር፤ አለቅሳለሁ ብለው። ላለማልቀስ ነበር የታገልኩት። ትችቴ ከዚያ የወጣ ይመስለኛል።

ከዚያ ዲስኩን ለሻባት መውጫ ቤት ይዤው ገባሁ። እናቴ ፊልም ላይ ብዙም አይደለችም። ቡና እያፈላች ነበር። አማርኛ ስትሰማ መጥታ ተቀመጠች። መጠለያው ሲታይ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ውኃ ከፍታ የታጠበውን ዕቃ እንደገና ስታጥብ ሰማኋት። ላጥፋው ስላት «ተይው» አለችኝ። ተመልሳ ተቀመጠችና እስከ መጨረሻው ዓየች። ያቺ እናት ስትጮኽ እናቴ አላለቀሰችም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «እሷስ አገኘችው።»

እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፣ በ1986። ከእኔ በፊት አንዲት እህት እንደነበረችኝ አውቅ ነበር። ሱዳን ላይ ቀረች ይባላል፣ ከዚያ ወሬው ይለወጣል። በቤታችን ከዚያ ያለፈ ቃል አልተነገረም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ምን ብዬ ልጠይቅ? በዕብራይስጥ የማውቀው ቃል ይበዛል፣ እናቴ የምታውቀው አማርኛ ይበዛል፤ መሐል ላይ ዝምታ አለ። ያን ማታ ግን «እማዬ፣ ፊልሙ አይበዛም?» ብዬ ጠየቅኳት። ስለ ፊልም የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር።

«ይበዛል» አለችኝ። «ለቅሶው ይበዛል። ሱዳን ላይ ማን አለቀሰ? ያለቀሰ ይታወቅበታል። የእኛ ሰው መሆናችን እንዳይታወቅ ነበር የምንደበቀው። የምንቀብረውም በማታ ነው። እህትሽን ስንቀብር አባትሽ አፌን በነጠላዬ ያዘው። ሲነጋ እንስራዬን ይዤ ውኃ ወረድኩ።»

እንግዲህ ስሙ። ተቺው «ለቅሶው በዛ» አለ። እናቴም «ለቅሶው በዛ» አለች። ቃሉ አንድ ነው። ተቺው የተናገረው ስለ ሥነ ጥበብ ልክ ነው፤ እናቴ የተናገረችው እዚያ ስለነበረች ነው። እኔ በፈተና ወረቀቴ ላይ የተቺውን ቃል ጽፌ ነጥብ ሳገኝ፣ የእናቴን ምክንያት አላውቅም ነበር።

ከዚያ «መጨረሻ ላይ የምትጮኸውስ?» አልኳት። ብዙ ሰው ከልክ ያለፈ ነው የሚለው እሱን ነው። እናቴ ሲኒውን አስቀመጠች። «እሱ ልክ ነው» አለች። «ያን ጊዜ ያልተጮኸው ነው።» ከዚያ የእህቴን ስም ነገረችኝ። ዕድሜዋን ነገረችኝ፣ አራት ዓመት። በመንገድ ላይ ምን ትዘፍን እንደነበር ነገረችኝ። ስሟን ለራሷ አቆይታዋለችና እዚህ አልጠራውም።

ልጆች፣ ሜሎድራማ የሚለው ቃል ስድብ ብቻ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው። በአገራችን ሰው ሲሞት ሙሾ ይወረዳል። አልቃሿ ሟቹን ታገናለች፣ ደረት ይመታል፣ የማያውቀውም ሰው ያለቅሳል። «ይህ ከልክ አለፈ» የሚል ለቀስተኛ ዓይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙሾ የሚወረደው ሐዘኑ መውጫ እንዲያገኝ ነው። ሱዳን ላይ ያለቁት ግን ሙሾ አልወረደላቸውም። ዛሬ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። ይህም የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ባዕድ ሰው የሠራው፣ ጉድለቱ ብዙ የሆነ ፊልም፣ በቤታችን ሶፋ ላይ የሙሾን ሥራ ሠራ። ተቺዎቹ ያላዩት ይህን ነው። ሊያዩትም አይችሉም ነበር።

ይህን ስል ግን «ፊልሙን አትንቀፉ» ማለቴ አይደለም። ያስለቀሰ ሁሉ እውነት አይደለም። ለምሳሌ የመገናኘቱን ትዕይንት እዩ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ፣ ከዓመታት በኋላ የተገናኘ እናትና ልጅ ነበር። ስለዚህ መገናኘት ተረት አይደለም። ግን ያልተገናኘው ይበዛል። ፊልሙ የተገናኘውን አሳይቶ ያልተገናኘውን ይረሳል። እናቴ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የነቀፈችው ይህን ነው። «እሷስ አገኘችው።» ከዚህ የበለጠ ትችት እኔ አላነበብኩም።

ደግሞም በዚህ አዳራሽ ውስጥ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ዛሬም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆነው የሚጠብቁት ሰው አለ። ለእሱ ይህ የድሮ ዘመን ፊልም አይደለም። «ማን የእኛ ነው፣ ማን አይደለም» የሚለው ጥያቄ ለእሱ በስልክ የሚመጣ ወሬ ነው። በሽሎሞ ላይ ስንፈርድ ማን አጠገባችን እንደተቀመጠ እናስተውል።

ልጨርስ። ከዚህ በኋላ ስለ እኛ የተሠራ ፊልም ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። በማን ዓይን ነው የሚታየው? ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል? ፊልሙ ሲያበቃ ያላለቀው ነገር ምንድን ነው? አራተኛውን ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ «እውነት እንዲህ ነበር ወይ?» በሉት። ዕብራይስጥም ቢቀላቀልበት ግድ የለም፣ ብቻ ጠይቁ። «ሱዳን ላይ ምን ሆነ?» ብላችሁ በቀጥታ ከጠየቃችሁ ላይመልሱላችሁ ይችላሉ። «ፊልሙ ልክ ነው ወይ?» ካላችኋቸው ግን ማረም ይጀምራሉ። ወላጆቻችን ስሕተት ሲያዩ ዝም አይሉም።

እናንተም ወላጆቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጆቹ «በዛ» ሲሉ ልባቸው ደንዳና ሆኖ አይደለም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ማንም ያልነገራቸውን ሐዘን እንዲያለቅሱ ስንጠብቅባቸው ነው የሚሸሹት። እስቲ ትንሽ ትንሹን ንገሯቸው። ሁሉን ባይሆን የአንድ ቀኑን መንገድ፣ የአንዱን ሰው ስም።

ባለፈው ሳምንት ነጠላቸውን አጣፍተው የወጡት እናት ዛሬ ተመልሰው ከፊት ተቀምጠዋል። እንኳን ደህና መጡ፣ እማዬ። አሁን የእኔ ንግግር ይብቃና መድረኩ ለእናንተ ይሁን።